የሽመናና የጥልፍ ክር በጋራ በጅምላ ስንገዛ ገንዘቡንም ክፍፍሉንም እንዴት እናድርገው?

ጥያቄ፦ ከጠላፊዋ፣ አዲስ አበባ

ለሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሥራዬ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ነው። በአንድ አካባቢ የምንሠራና ሥራ የምንቀባበል አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ስድስቱ ሸማኔዎች ናቸው፣ እኔን ጨምሮ አራታችን በመኪና እንጠልፋለን፣ አንዷ ደግሞ የአንገት ልብስና የትራስ ልብስ እየሠራች ለስጦታ ዕቃ ሱቆች ታስረክባለች። ነጭ ድርና ማግ፣ እንዲሁም ባለቀለም የጥልፍ ክር እስካሁን የምንገዛው እያንዳንዳችን ለየብቻ፣ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ ሁለት ኮን (በወረቀት ማጠንጠኛ ላይ የተጠቀለለ ክር) እያልን ነው። በዚህ መንገድ ስንገዛ ከዋጋው ይልቅ የሚጎዳን፣ ሥራው ተጀምሮ በመሐል ክሩ ሲያልቅ ወደ ሱቁ ተመልሰን ያንኑ ክር ማጣታችን ነው።

አሁን ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የሚሆነውን ክር በጋራ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሁሉም ተስማምተዋል፤ አስተባባሪ ያደረጉትም እኔን ነው። መርካቶ ያነጋገርኩት ጅምላ ሻጭ ነጩን ድር የሚሸጠው በካርቶን ብቻ ሲሆን፣ ካርቶኑ 24 ኮን ይይዛል፤ የእያንዳንዱ ኮን የተጣራ ክብደት 1.89 ኪሎ ነው። የሸማኔዎቹና የአንገት ልብስ ሠሪዋ ፍላጎት ሲደመር ግን 37 ኮን ሆነ። አንድ ካርቶን አይበቃም፣ ሁለት ካርቶን ይተርፋል።

ግራ የገባኝ በዚህ ብቻ አይደለም። ሁለት አባላት ደንበኞቻቸው ገንዘብ የሚሰጧቸው ሥራው ሲያልቅ ስለሆነ «ክሩ ሲደርስ እንከፍላለን» ብለዋል። ሻጩ ደግሞ የነገረኝ ዋጋ የዕለቱ እንደሆነና በሚቀጥለው ሳምንት ላይጸና እንደሚችል አስጠንቅቆኛል፤ ስለዚህ ከአባላቱ ስንት ብር ልሰብስብ? የጥልፍ ክሩስ ቀለሙ ብዙ፣ ፍላጎቱም የተለያየ ስለሆነ በምን ሥርዓት ይከፈል? ለመኪናና ለተሸካሚ የሚወጣውን ማን ይቻል? ለአስተባባሪነት ድካሜ አንድ ነገር ብጠይቅስ ነውር ይሆን? እነዚህን ሁሉ በጽሑፍ እናስቀምጥ ብል ደግሞ አልታመንም ወይ የሚል ቅሬታ እንዳይመጣ እፈራለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ምላሽ፦ ከአስተባባሪው፣ ባሕር ዳር

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጽሑፍ ያለመተማመን ምልክት ነው የሚለውን ሥጋት ይተዉት፤ ዕቁብም ዕድርም መዝገብና ጸሐፊ አላቸው፣ በዚህ የተቀየመ ሰው አልሰማሁም። ነገር ግን የጋራ ግዢ ከዕቁብ በአንድ ዋና ነገር ይለያል፣ ብዙ ቡድን የሚፈርሰውም ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው። በዕቁብ ዋስ የሚጠራው ዕጣ የደረሰው ሰው ነው፤ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ መጣሉን እንዳይተው ይፈራል። በጋራ ግዢ ግን ሁሉም ቀድሞ ከፍሎ ባዶ እጁን ይጠብቃል፣ ገንዘቡ ያለው በአስተባባሪዋ እጅ ነው። ስለዚህ ዋስና ምስክር የሚያስፈልገው ለአባላቱ ሳይሆን ለእርስዎ ነው፤ ይህን ራስዎ ቀድመው ቢያነሡት ማንም አይከፋም፣ እንዲያውም ሌላውን ደንብ ሁሉ ለማስቀበል ይቀልልዎታል። ገንዘቡ ከግል ሒሳብዎ ጋር አይቀላቀል፤ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ የገባው ገንዘብ ዝርዝርም ሁሉም በሚያዩት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በየዕለቱ ይለጠፍ።

«ሲደርስ እንከፍላለን» ላሉት ሁለት ሰዎች መልሱ እምቢታ መሆን አለበት፣ ምክንያቱ ግን ክፋት እንዳልሆነ ይንገሯቸው። ቡድኑ ለእነርሱ ክር ሲገዛ የሌሎቹን ገንዘብ ሳያስፈቅድ እያበደራቸው ነው። አቅሙ ያለው አባል በራሱ ስም ጨምሮ ገዝቶ በዱቤ ቢሰጣቸው መልካም ነው፤ ያ በሁለቱ መካከል ያለ ውል ነው፣ በቡድኑ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ይህ ካልተገኘ በእጃቸው ባለው ገንዘብ ልክ አንድ ወይም ሁለት ኮን ይውሰዱ።

ወደ 37 ኮኑ ስንመጣ፣ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ የእኛ ሎሚ ግን በ24 የሚታሸግ ሆኖ ተገኘ። ለስሌት እንዲመች ኪሎው 1,000 ብር ነው እንበል። አንድ ካርቶን 45.36 ኪሎ ስለሆነ 45,360 ብር ይመጣል፤ ለመኪናና ለተሸካሚ 640 ብር ብንጨምር 46,000 ብር ይሆናል፣ ለ24 ሲካፈል የአንዱ ኮን ዋጋ 1,917 ብር ገደማ ነው። ሁለት ካርቶን ሲሆን 90,720 ብር፣ ማጓጓዣው 1,200 ብር ቢሆን ድምሩ 91,920 ብር፣ የአንዱ ኮን ዋጋ 1,915 ብር ይሆናል። በችርቻሮ ያው ኮን 2,150 ብር ነው ብለን ብናስብ፣ ሁለት ካርቶን ገዝተው በ37ቱ ኮን ላይ የሚያተርፉት 8,695 ብር ነው፤ ባለቤት ባጡት 11 ኮኖች ውስጥ የሚታሰረው ገንዘብ ግን 21,065 ብር ነው። አንድ ካርቶን ብቻ ገዝተው ለሁሉም ቢቀናንሱ ትርፉ ወደ 5,600 ብር ይወርዳል፣ የሚታሰር ገንዘብ ግን አይኖርም፤ የጎደለውን 13 ኮን እንደ ቀድሞው በችርቻሮ ይሙሉ። ሁለተኛውን ካርቶን የሚገዙት ለ11ዱ ኮኖች ስም ከተገኘላቸው ብቻ ነው፤ ወይ ከአባላቱ አንዱ ለፋሲካ ሥራ ቀድሞ ይወስዳቸዋል፣ ወይም ከጎረቤት ሸማኔዎች ገዢ ይፈለጋል። እኛ ዘንድ ደንቡ አንድ ነው፦ ባለቤት የሌለው ኮን አይገዛም። «ተርፎ ይቀመጥ፣ በኋላ ይሸጣል» የሚለውን ሐሳብ አይቀበሉ፤ ያ በኋላ የሚባለው ጊዜ የሚወድቀው በአስተባባሪዋ ቤት ጥግ ነው።

ስለ ዋጋው መዋዠቅ፣ ሻጩ ያስጠነቀቀዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ዋጋ ቆርጦ ለሳምንታት የሚያቆይ ነጋዴ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ስለዚህ ከአባላቱ ሁለት ነገር ይቀበሉ። አንደኛው በዕለቱ ዋጋ ላይ አምስት በመቶ የተጨመረበት ገንዘብ ነው፣ ትርፉ በማግሥቱ ይመለሳል። ሁለተኛው እያንዳንዱ በጽሑፍ የሚሰጠው የዋጋ ጣሪያ ነው፤ «ኮኑ ከዚህ ካለፈ አትግዙልኝ» የሚልበት ማለት ነው። ሻጩ ፊት ቆመው ዋጋው ተለውጦ ቢያገኙት ለአሥር ሰው ስልክ ሲደውሉ ከመዋል፣ የጣሪያውን ዝርዝር አይተው እዚያው መወሰን ይችላሉ። ቀብድ ሰጥቶ ዋጋ ማስያዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ቀብዱ የማይመለስበትን ሁኔታ በደረሰኙ ላይ ሳያስጽፉ አይስጡ።

ስለ አስተባባሪነት ክፍያ የኔ አስተያየት ለመጀመሪያው ዙር ምንም አይጠይቁ የሚል ነው፤ የማጓጓዣ ድርሻዎን ግን ቡድኑ ይቻልልዎ።

ምላሽ፦ ከሸማኔው፣ ሽሮ ሜዳ

የባሕር ዳሩ ወንድማችን ስለ ገንዘቡ የጻፉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ክሩ ነው፤ ገንዘቡ በትክክል ተሰብስቦ ክሩ የተሳሳተ ከሆነ ጠቡ የበለጠ ይከፋል።

ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። ክሩ በተነጣበት ዙር ልክ ነጭነቱ ይለያያል፤ አንዱ ወደ ክሬም፣ ሌላው ነጭነትን የሚያጎላ ኬሚካል ስለገባበት ወደ ሰማያዊ ያደላል። በሱቅ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ኮኖች በአንድ ድር ላይ ከገቡ፣ ጋቢው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ መስመሩ ይታያል፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ሁለቱ እኩል ላይሰበሰቡ ይችላሉ። ስለዚህ በካርቶኑና በኮኑ ውስጠኛ ወረቀት ላይ ያለው የሎት ቁጥር (በአንድ ዙር አብሮ የተነጣ ወይም የተቀለመ ክር መለያ) ይታይ፤ ሁለት ካርቶን ከተገዛ የሁለቱም ሎት አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። አንድ ሎት ካልተገኘ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ክር በሙሉ ከአንዱ ካርቶን ብቻ ይሁን፣ ክፍፍሉም ብዙ ካዘዘው ሰው ይጀምር። ለእኩልነት ተብሎ ለሁሉም ከሁለቱም ካርቶን ማቀላቀል ሁሉንም እኩል የሚጎዳ ክፍፍል ነው።

ሁለተኛው የክሩ ቁጥር ነው። ቁጥር 20 የሚባለው፣ አንድ ፓውንድ የሚመዝነው ክር እያንዳንዳቸው 840 ያርድ የሆኑ 20 ጥቅሎች ሲኖሩት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል። ድርብ ከሆነ ሁለት ክር አብሮ የተገመደ ስለሆነ በአንድ ኪሎ የሚገኘው ርዝመት በግማሽ ይቀንሳል። ወረቀቱ የሚለውን ማመን የለብዎትም፣ መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ሜትር ተራርቀው በተተከሉ ሁለት ምስማሮች ላይ ክሩን ሃምሳ ዙር ይጠምጥሙ፣ 100 ሜትር ይሆናል፤ ያንን በወርቅ ሠሪ ሚዛን ይመዝኑ። ቁጥር 20 ያልተደረበ ከሆነ ወደ 3 ግራም፣ ቁጥር 20 ድርብ ከሆነ ወደ 5.9 ግራም ይመጣል። 7.4 ግራም ካነበቡ በእጅዎ ያለው ቁጥር 16 ድርብ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ከአንድ ኮን የሚሸመነው የነጠላ ልብስ ብዛት ያንሳል፣ ኪሎው በርካሽ ተገኘ ቢባልም ጥቅሙ እዚያው ይበላል።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ጥጥ ከአየር ውኃ ይስባል፤ በንግድ ዓለም ለጥጥ ክር ተቀባይነት ያለው በ100 ኪሎ ፍጹም ደረቅ ጥጥ ላይ 8.5 ኪሎ ውኃ ነው። በክረምት በሲሚንቶ ወለል ላይ የከረመ ካርቶን ከዚህ ያልፋል፤ በኪሎ ለሚገዛ ሰው ይህ ውኃን በክር ዋጋ መግዛት ነው። በኮን የሚከፋፈሉ ከሆነ በመካከላችሁ ጠብ አይፈጥርም፣ ከሻጩ ሲረከቡ ግን ጥቂት ኮኖችን መርጠው ከነወረቀታቸው ይመዝኑ፤ ከዚያም የባዶውን ወረቀት ክብደት ይቀንሱ። ባዶ ወረቀት የማይሰጥዎ ሻጭ አይኖርም፣ ሱቁ ሞልቶታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእናንተ አሳብ እለያለሁ። ሸማኔዎቹና ጠላፊዎቹ በአንድ ትእዛዝ መታሰራቸው ትክክል አይመስለኝም። የኛ ነጭ ክር ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፣ ከተረፈም አያረጅብንም፤ የጥልፍ ቀለም ግን በደንበኛና በዘመን ምርጫ ይለወጣል። ጠላፊዎች ቀለም እስኪመርጡ ሸማኔ ድር ሳያደራ ሊቀመጥ አይገባም። መዝገቡ አንድ ይሁን፣ ግዢው ግን ሁለት ይሁን፤ የሸማኔው ግዢ በጥቅምት ቢያልቅ ክረምቱ አልፎ ማስቀመጫው ደረቅ ይሆናል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ግፊያም ሳይመጣ ድሩ የሽመናው ዕቃ ላይ ይወጣል።

ምላሽ፦ ከሌላ ጠላፊ፣ አዲስ አበባ

የሽሮ ሜዳው ወንድማችን ሁለት ግዢ ይሁን ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ስለ ቀለሙ ክር የማውቀውን ልጻፍ።

ከሁሉ በፊት ቡድኑ መወሰን ያለበት ክሩ ሬዮን ይሁን ወይስ ፖሊስተር የሚለውን ነው፤ ገበያ ላይ ሁለቱም ሲያብረቀርቁ ስለሚያያቸው ሰው በአንድ ስም «ሐር» ሲላቸው ይሰማል። ሬዮን አንጸባራቂነቱ ለስላሳ ነው፣ በጥለት አጠገብ ሲያርፍ ያምራል፤ ውኃ ሲነካው ግን ይደክማል፣ በረኪና ደግሞ ቀለሙን ያጠፋዋል። የእኛ ሰው ነጭ ልብሱን በበረኪና ማጠቡን እስካልተወ ድረስ ለዘወትር ልብስ ፖሊስተር ይሻላል፤ ለሠርግ ቀሚስ ሬዮኑን የሚመርጥ ደንበኛ ካለም አጠባጠቡ ይነገረው። ሁለቱን ለመለየት ከክሩ ጫፍ ጥቂት ቆርጠው ያቃጥሉ። ሬዮን እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ሻጩ ፊት ክብሪት መለኮስ ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ ካርቶን ሙሉ የተሳሳተ ክር ተሸክሞ መመለስ የበለጠ ያሳፍራል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ በኮን አያወዳድሩ፣ በሜትር ያወዳድሩ። ባለ 4,000 ሜትር ኮን 200 ብር ከሆነ ሜትሩ 5 ሳንቲም ነው፤ ባለ 5,000 ሜትር ኮን 235 ብር ከሆነ ደግሞ 4.7 ሳንቲም ነው፣ ውድ የመሰለው ረከሰ ማለት ነው። ቀለም ሲመርጡም በስም አይዘዙ። «ወርቃማ» ማለት ለአሥር ሰው አሥር ቀለም ነው፤ ከአምራቹ የቀለም ካርድ ላይ ቁጥሩን ጽፈው ይዘዙ፣ ናሙናውንም ከሱቁ አውጥተው በቀን ብርሃን ከጥለቱ ጋር ያስተያዩት። በሱቅ መብራት ሥር ከጥለቱ ጋር የተስማማ አረንጓዴ ደጅ ሲወጣ ሌላ ቀለም ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ሁለት የተለያዩ ማቅለሚያዎች በአንዱ ብርሃን መስለው በሌላው ስለሚለያዩ ነው። አንዲት የማውቃት ባለሙያ ለሙሽራና ለሚዜዎች ያዘጋጀችውን ጥልፍ ከሁለት ሎት በተገዛ አንድ የቀለም ቁጥር ጀምራ፣ የሚዜዎቹ ቀሚስ በፎቶግራፍ ላይ ከሙሽራዋ ደብዝዞ በመውጣቱ ብዙ ተወቅሳለች፤ ክሩን የሸጠላት ሰው ቁጥሩ አንድ ነው ብሎ ተከራከረ፣ በቁጥሩ በኩል ውሸት አልነበረበትም።

ክፍፍሉን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ማሸጊያ አለ። ሣጥኑ አንድ ቀለም ብቻ ከያዘ፣ ያንን ቀለም የሚፈልጉ ሰዎች ሣጥኑን እስካልሞሉ ድረስ አይታዘዝም፤ ይህ ቀላል ነው። ችግሩ የተደባለቀ ሣጥን ላይ ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ወዲያው ያልቃሉ፣ ማንም የማይነካቸው ሐምራዊና ቡናማ ይቀራሉ። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። የአራቱ ሰዎች ተራ በዕጣ ይወጣል፤ አንደኛዋ አንድ ኮን ትመርጣለች፣ እስከ አራተኛዋ ይደርሳል፣ ከዚያ አራተኛዋ ደግማ ትመርጥና ምርጫው ወደ አንደኛዋ ይመለሳል፣ እንዲህ እየተመላለሰ ሣጥኑ እስኪያልቅ ይቀጥላል። መጨረሻ የወጣላት ሰው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስለምትመርጥ አትበደልም። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት የማይፈለጉ ቀለሞች ለሁሉም በእኩል ይደርሳሉ፣ ከዚያ በኋላ መለዋወጥ የግል ጉዳይ ነው።

ምላሽ፦ ከሒሳብ ባለሙያው

ሁለት ነጥቦች ብቻ አሉኝ።

የመጀመሪያው ደረሰኝ ነው። ግዢው በሙሉ በአስተባባሪዋ ስም በአንድ ደረሰኝ ከተቆረጠ፣ ንግድ ፈቃድ ያላቸው ሌሎች አባላት ያወጡትን ገንዘብ እንደ ወጪ የሚያሳዩበት ማስረጃ አይኖራቸውም፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ አባልም ካለ የከፈለውን 15 በመቶ ማቀናነስ አይችልም። በአንጻሩ በአስተባባሪዋ ስም የተመዘገበው ትልቅ ግዢ ክር ነጋዴ ሊያስመስላትና ሽያጩ የታለ የሚል ጥያቄ ሊያስከትልባት ይችላል። ሻጩ ዋጋውን በጅምላ አድርጎ፣ ደረሰኙን ግን በየአባሉ ስምና በየግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ እንዲቆርጥ ከመጀመሪያው ይነጋገሩ፤ ፕሮፎርማ ሲጠይቁ ዝርዝሩን አብረው ይስጡት። ዋጋ ሲነገርዎም «ቫቱ ገብቶበታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ያለ ደረሰኝ ርካሽ የተባለ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይህንኑ 15 በመቶ የሸሸ ነው፣ ክሩ ተበላሽቶ ቢገኝም ይዘው የሚመለሱበት ወረቀት አይኖርዎትም።

ሁለተኛው የድካም ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ የባሕር ዳሩን ወንድሜን ይቅርታ እየጠየቅኩ እቃወማለሁ። በነፃ የተጀመረ ሥራ ላይ በሁለተኛው ዙር ክፍያ መጨመር ከመጀመሪያው መጠየቅ ይልቅ ይከብዳል፤ በነፃ የሚያገለግል ሰውም ሲዘገይ አይጠየቅም፣ ሲሳሳት አይወቀስም፣ ሲሰለቸው ይተወዋል። ክፍያ ይኑር፣ ግን በመቶኛ አይሁን። በመቶኛ ከሆነ ዋጋው በተወደደ ቁጥር የአስተባባሪዋ ድርሻ ያድጋል፣ ርካሽ ሻጭ ለፈለገችበት ትጋት ደግሞ ትቀጣለች። በኮን የተቆረጠ ትንሽ ገንዘብ ይሁን፤ ከማጓጓዣው ጋር ተደምሮ በኮኑ ዋጋ ውስጥ ይግባ፣ በመዝገቡም ላይ ለብቻው ተጽፎ ይታይ።

ግዢው በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። ለአሁኑ አንድ ግዢ ግን ይህን አልመክርም፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዙር አብራችሁ ግዙና ተዋወቁ።

ምላሽ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

«ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው እናስመጣው» የሚል አባል ሳይነሣ አይቀርምና ቀድሜ ልናገር። ለመንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ አንድ የእናንተ ካርቶን 45.36 ኪሎ ስለሆነ የሻንጣውን የራሱን ክብደት የሚሸከም ቦታ እንኳ አይቀርም። ለንግድ የሚሆን ብዛት ያለው ዕቃ ደግሞ ጉምሩክ ላይ እንደ ግል ዕቃ አይታይም። በሰው እጅ መላክ የሚያዋጣው ቀላልና እዚያ ለማግኘት የሚያስቸግር ነገር ነው፦ የአምራቹ ትክክለኛ የቀለም ካርድና የጥልፍ መኪና መርፌ። መርፌ ሲያዝዙ ግን የቤት መኪናና የፋብሪካ መኪና መርፌ ስለማይገጣጠም፣ ከአሮጌው መርፌ ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩ።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግዢውን ለሁለት ከፍለነዋል፤ የሸማኔዎቹ አሁን ይቀድማል፣ የጥልፉ ይከተላል። ሁለተኛ ፈራሚ የሚሆነውም ከሸማኔዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት ናቸው። ሁለተኛውን ካርቶን በተመለከተ አንገት ልብስ ሠሪዋ ስድስት ኮን ጨምራ ወስዳለች፤ ለቀሩት አምስት ሰው ካልተገኘ በአንድ ካርቶን እንቆማለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ አንድ አባል ገንዘቡን ከከፈለና ክሩ ከተገዛ በኋላ «ሥራው ቀረብኝ፣ ብሬን መልሱልኝ» ቢል ምን ይደረጋል?

ምላሽ፦ ከአስተባባሪው፣ ባሕር ዳር

ክሩ ከተገዛ በኋላ የሚመለስ ብር የለም፣ የሚሰጠው ኮኑ ነው። ይህ ግን ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ተነግሮት መፈረም አለበት፤ በችግሩ ሰዓት የሚነገር ደንብ ጭካኔ ይመስላል። ሻጩ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ባለው ዕለት ማታ መዝገቡ ይዘጋል ብለው ሰዓቱን ይቁረጡ፤ እስከዚያ ድረስ የወጣ ሰው ሙሉ ገንዘቡን ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ የወጣ ሰው ኮኑን ተረክቦ ለፈለገው ይሸጣል። ትርፍ ኮን እንፈልጋለን ያሉ ሰዎችን ስም ከመዝገቡ ግርጌ በተራ ቢይዙ፣ ገዢ ለማግኘት አይቸገርም። ሐዘን ወይም ሕመም የደረሰበት ሰው ከሆነ ግን ቡድኑ ተሰብስቦ ኮኖቹን በተገዙበት ዋጋ ሊረከበው ይችላል፤ ያን ጊዜም እያንዳንዱ ስንት ኮን እንደወሰደ ይጻፍ፣ ሎት ቁጥሩም አብሮ ይጻፍ።

የሒሳብ ባለሙያው ስለ ክፍያው ያሉትን ተቀብያለሁ። በመቶኛ አይሁን ያሉት እኔም ያላሰብኩት ነው፤ እኛም ለሚመጣው ዙር በኮን እንቆርጣለን።